ከዘጠኝ እስከ ሠላሳ ስድስት ቮልት

ሚስቴ የሞተችው በመጋቢት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት ሳስብ የሰው ፊት ብዙም አይመጣልኝም፤ የሚመጣልኝ ሽቦ፣ ባትሪና የቮልት መለኪያ ቴስተር ቁጥር ነው። ሐዘን ሰውን እንዴት እንደሚጥል ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። እኔን ግን አልጣለኝም። እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል፣ ሰው ሲጠራኝ «አቤት» እላለሁ። ውስጤ ግን ምንም አልነበረም።

መርሳ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ፣ ትንሽ የጥገና ሱቅ አለኝ። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የሶላር መብራት፣ የሞባይል ቻርጀር፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ የመጣልኝን ሁሉ እሠራለሁ። ሚስቴ እዚያው ሱቅ ጥግ ላይ በስፌት መኪናዋ ልብስ ትሰፋ ነበር። ልጅ አልነበረንም። ቀኑን ሙሉ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን እንሠራለን፤ እሷ ታወራለች፣ እኔ እሰማለሁ።

ሕመሟ የጉበት ነበር። ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ቆየች። አንዳንድ ቀን ሻል ይላትና ቁጭ ብላ ታወራለች፤ አንዳንድ ቀን ዓይኗን አትገልጥም። ስታርፍ ጀናዛዋን ወደ አባቷ መንደር ወሰድነው። መንደሩ ከግራና በላይ ነው፤ ባጃጅ ከሚቆምበት ትንሽ በእግር ይኬዳል። በቀብሩም በለቅሶውም አላለቀስኩም። ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚወጠር፣ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የእንግዳ ፍራሽ ከማን ቤት እንደሚመጣ ስል ዋልኩ። ሽማግሌዎቹ ሶብረኛ ነው ብለው መረቁኝ። ሶብር አልነበረም። ሶብር የሚያደርግ ሰው የሚታገሠው ነገር አለው፤ እኔ የምታገሠው አልነበረኝም።

ይህን ያወቀችው የሚስቴ ታናሽ እህት ብቻ ናት። ያገባችው ወደ ውርጌሳ ከተማ ነው፤ ለለቅሶው መጥታ በዚያው አባቷን ልታስታምም ቀረች። በተቀመጥኩበት ሁሉ ትመለከተኛለች። ዓይኗ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። እኔ ቀና ስል ፊቷን ታዞራለች።

አባታቸው የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም፤ መንደሩ ደግሞ መብራት የለውም። ሚስቴ በሕይወት ሳለች የዘየደችው ዘዴ ነበር። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አሸዋ ሞልታ፣ በመካከሉ ትንሽ ማሰሮ ቀብራ፣ ጠርሙሶቹን እዚያ ታስቀምጣለች። አሸዋው ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት። ዓርብ ዓርብ እየሄደች አዲስ መድኃኒት ታደርሳለች፣ አሸዋውን ትቀይራለች፣ ውሃ ማጠጣቱን ለጎረቤት ሴት አደራ ብላ ትመለሳለች። እህቷም ያንኑ ቀጠለች። ግን ግንቦት ገባ። የዚያ ዓመት ግንቦት ሙቀቱ ሌላ ነበር፤ ጥላ ውስጥ የተቀመጠ ብረት እንኳ ይፋጃል። አሸዋው ጠዋት ረጥቦ ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በፊት ይደርቃል።

አንድ ቀን ሱቄ ሳለሁ ስልክ ተደወለልኝ። አባቷ ራሳቸውን ስተው በባጃጅ ወደ መርሳ እየመጡ ነው ተባለ። መንገድ ላይ ተቀብያቸው ወደ ወልድያ ሆስፒታል አብሬ ሄድኩ። እዚያ የመረመረቻቸው ነርስ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። መድኃኒቱን ሙቀት እንዳበላሸው፣ ሽማግሌው መድኃኒት ሳይሆን ውሃ ሲወጉ እንደ ሰነበቱ ቀስ ብላ ነገረችን። አዲስ ተሰጣቸውና ማምሻውን ነቁ።

እህቷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቆምኩ። ሳታየኝ ተናገረች።

«እሷን ቀበርን። አሁን አባቴንም ልንቀብር ነው። አንተ ቆመህ ታያለህ።»

 ቃሉ እንዲያመኝ ጠበቅኩ፤ አላመመኝም። ተመልሼ ወደ ነርሷ ሄድኩና መድኃኒቱ በስንት ዲግሪ መቀመጥ እንዳለበት ጠየቅኋት። ከሁለት እስከ ስምንት አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ይበላሻል፣ በረዶ ከሠራም ይበላሻል።

ሱቄ ውስጥ አንድ ትንሽ የመኪና ማቀዝቀዣ ነበረች። የውሃ ጄሪካን የምታክል፣ እንደ ሳጥን ከላይ የምትከፈት። በደሴ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ለለስላሳ መጠጥ ይጠቀምባት ነበር፤ ስትበላሽበት ተዋትና እኔ አስተካከልኳት። የምትሠራው በዐሥራ ሁለት ቮልት ብቻ ነው። ትንሽ ሲያንሳት ትጠፋለች፣ ሲበዛባት ትቃጠላለች።

አባቷ ቤት ደግሞ ሶላር አለ። ዐረብ አገር ያለው ወንድ ልጃቸው በላከው ገንዘብ የተገዛ ነው። ጣራው ላይ ሁለት ፓኔል፣ ቤት ውስጥ ሁለት የከባድ መኪና ባትሪ፣ ወንዙ ዳር አንድ ፓምፕ። ፓምፑ ውሃ ስቦ ሽንኩርታቸውን ያጠጣል። ግን ፓምፑ ሃያ አራት ቮልት ነው፤ እያንዳንዳቸው ዐሥራ ሁለት የሆኑት ሁለቱ ባትሪዎች ተያይዘው የታሰሩትም ለዚያ ነው። ማቀዝቀዣዋን እዚያ ላይ ብሰካት ወዲያው ትቃጠላለች። ከሃያ አራቱ ወደ ዐሥራ ሁለት የሚያወርድ ኮንቨርተር በመሃል መግባት አለበት።

የጎረቤቴ መካኒክ ቀላል መንገድ ነገረኝ። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ ሳብ፣ ዐሥራ ሁለት አገኘህ፣ አለ። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። ግን አንዱ ባትሪ ሁልጊዜ እየተራበ ሌላው ሁልጊዜ እየጠገበ ጥቂት ቆይተው ሁለቱም ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ ፓምፑም የለ፣ ማቀዝቀዣውም የለ። አይሆንም አልኩት።

ዓርብ ጠዋት፣ ሚስቴ ወደ አባቷ ትሄድበት በነበረው ሰዓት፣ ማቀዝቀዣዋን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ወደ ወልድያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሲሪንቃ ላይ የምርምር ጣቢያው ሠራተኞች ወርደው ሌሎች ተሳፈሩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስለ ማሽላ ዘር ሲያወራልኝ ነበር። እሺ፣ እሺ እያልኩ ሰማሁት። ምን እንዳለ አንድም ቃል አላስታውስም።

ወልድያ ውስጥ ዕቃ የምትሸጥልኝ አንዲት ሴት አለች። ወላጆቿ ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ ናቸው፤ እሷ እዚያው ተወልዳ እዚያው ወልዳለች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። በጦርነቱ ጊዜ ሱቋ ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ ከመደርደሪያው ጀምራ እንደገና አቋቋመችው። እንደ ሌላው ነጋዴ ዕቃውን በላስቲክ አሽጋ አትሰጥም። ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ቮልቱን እንደ ፈለጉ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉበት ፓወር ሰፕላይ አላት፤ የገዛ ሰው ሞክሮ ይወስዳል።

ከሃያ አራት ወደ ዐሥራ ሁለት ኮንቨርተር እንደምፈልግ ነገርኳት። ሁለት ዓይነት አወጣችልኝ። አንደኛው ክዳን የሌለው፣ ክፍሎቹ የሚታዩበት ሰሌዳ ነው፤ በትንሽ ብሎን ቮልቱ ይስተካከላል። ሁለተኛው በአሉሚኒየም ሳጥን የታሸገ ነው፤ ውስጡ በሙጫ ስለተሞላ አቧራና እርጥበት አይገባውም። ሁለቱም ላይ ዐሥር አምፔር የሚል ተጽፏል።

ማቀዝቀዣዋን ከፌስታሉ አወጣሁና መጀመሪያ ሰሌዳውን ሞከርኩት። ሃያ አራት ስሰጠው ዐሥራ ሁለት ያወጣል፤ ጥሩ። ማቀዝቀዣዋን ስሰካበት ሞተሯ ለመነሳት አንዴ ብዙ አምፔር ስባ ሰሌዳውን አንበረከከችው፤ ቮልቱ ወረደና ጠፋች። ጣቴን ሳስነካው ይፋጃል። የተጻፈው ዐሥር አምፔር ለቅጽበት እንጂ ለመዋል አይደለም። ተውኩት።

የታሸገው የተሻለ ነበር። ማቀዝቀዣዋን አስነሳት፣ አልጋለም። የሚገባውን ቮልት ከፍ አደረግሁት፤ ፀሐይ በምትበረታበት ሰዓት ባትሪው ሲሞላ የሚደርስበት ድረስ። ምንም አልሆነም። ከዚያ ዝቅ አደረግሁት። ሃያ ላይ ይሠራል። ዐሥራ አምስት ላይ ይሠራል። ከዐሥራ ሦስት በታች ሲወርድ የሚያወጣውም አብሮት ወረደ። ይህ ማውረድ ብቻ እንጂ ከፍ ማድረግ አይችልም፤ የሚገባው ከሚወጣው በልጦ ካልተገኘ እጁን ይሰጣል።

እትዬ ከጎኔ ቆማ ስታይ ቆየችና ሁለት ባትሪ እያለህ ምን ወደዚያ ያወርደዋል፣ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቷን ነው፤ ሁሉም ደህና ከሆነ አይወርድም። ግን ባትሪዎቹ አሮጌ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ከሌላው ደክሟል። ፓምፑ ሲነሳ ቮልቱን ወደ ታች ይጎትተዋል። ክረምት ሲገባ ለቀናት ደመና ይሆናል። አንዱ ባትሪ አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም፤ ያን ቀን የሚቀረው የአንድ ባትሪ ቮልት ነው። ያን ቀን እኔ እዚያ አልኖርም። መድኃኒቱ ግን እዚያ አለ።

ይህን ሳስረዳት ድምፄ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነበር። እሷም ሰምታኝ ስታበቃ ከመደርደሪያው ታች ጎንበስ ብላ ሌላ ሳጥን አወጣች። ሌላ ሰው አዝዞት የቀረ ነው፣ ይመጣል ብዬ አስቀምጬው ነበር፣ አለች። ጎኑ ላይ የሚገባው ከዘጠኝ እስከ ሠላሳ ስድስት፣ የሚወጣው ዐሥራ ሁለት የሚል ተጽፎበታል። ከፍ ያለውን ያወርዳል፣ ዝቅ ያለውን ያነሳል ማለት ነው።

የተጻፈውን አላመንኩም፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ዋሽቶኛል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሰካሁት፣ ማቀዝቀዣዋን ከላዩ ላይ አደረግሁ፣ ቴስተሩን መውጫው ላይ አስቀመጥኩ። ከሠላሳ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ታች መጣሁ። መግቢያው ሲወርድ የመውጫው ቁጥር አልተነቃነቀም።

«ለማን ነው?» አለች እትዬ።

«ለሚስቴ አባት። የስኳር መድኃኒት ሊቀመጥበት።»

«እሷስ ደህና ናት? አብራህ ካልመጣች ቆየች።»

ሚስቴ ወልድያ ስትመጣ እኔ ዕቃ ስሞክር እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከእትዬ ጋር ታወራ ነበር። የክር ዋጋ፣ የልጆች ትምህርት፣ ያገኙትን ሁሉ። ይህን ረስቼው ነበር።

«ሞታለች» አልኩ። ቴስተሩን እያየሁ ነበር። ዐሥራ አንድ ላይ ደርሼ ነበር፤ ወደ ዐሥር አወረድኩት።

 ዞር ስል እትዬ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሃይማኖታችን አንድ አይደለም፣ ዘመድ አይደለንም፤ ግን ለሚስቴ እንዲያ ብላ አለቀሰች። እኔ ቆሜ አየኋት። እኔ ላጽናናት ወይስ እሷ ታጽናናኝ፣ አላወቅሁም። እጄ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ስለነበረ ሥራዬን ጨረስኩ። ዘጠኝ ላይ ማቀዝቀዣዋ አሁንም ትሠራ ነበር። ብቻ ወደ ኮንቨርተሩ የሚገባው ሽቦ ሞቀ፤ ቮልቱ ሲያንስ የሚስበው አምፔር ስለሚበዛ ነው። ወፍራም ሽቦ እንደሚያስፈልገኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ ተነስታ ፊቷን ጠራረገችና ሽቦውን ራሷ ለክታ ቆረጠችልኝ። ከሸጠችልኝ በኋላ በሁለት እጇ እጄን ያዘች።

«ትበላለህ?» አለችኝ።

አዎ አልኳት። ያን ቀን ጠዋት ምን እንደ በላሁ ብትጠይቀኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ወደ ግራና ወረድኩ። አባቷ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል። ከስተዋል፣ ድምፃቸው ግን ተመልሷል። አጎንብሼ ሰላም አልኳቸው፤ ጭንቅላቴን ዳሰሱኝና መረቁኝ። እህቷ ውሃ አቀረበችልኝ፣ አላናገረችኝም።

ኮንቨርተሩን ከባትሪዎቹ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ በብሎን አሰርኩት፤ አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ አድርጌ። መስመሩን የሚጠብቀውን ፊውዝ ከባትሪው አጠገብ አደረግሁ። ወፍራሙን ሽቦ በአጭሩ ዘረጋሁ። ማቀዝቀዣዋን ፀሐይ የማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኩና አስነሳኋት። ከዚያ እህቷን ሄዳ ፓምፑን እንድታስነሳ ጠየቅኋት። ፓምፑ ሲነሳ የባትሪው ቮልት ዘጭ አለ፤ የማቀዝቀዣዋ ድምፅ ግን አልተለወጠም። እህቷ ስትመለስ ሦስታችንም ጆሯችንን ሰጥተን አዳመጥን።

«ቢቆምስ?» አለች እህቷ። ከሆስፒታሉ ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ቢቆም ምን እንደምታደርግ አሳየኋት። ቴስተሬን ሰጠኋት። ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ። ሁለቱ ባትሪ አንድ ላይ ስንት እንደሚያሳይ፣ አንዱ ለብቻው ስንት እንደሚያሳይ፣ ስንት ሲሆን ሞቷል እንደሚባል።  ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ እኔ ትክክል ነው እላታለሁ። ማቀዝቀዣዋ ውስጥ ቴርሞሜትር አደረግሁና መድኃኒቱ የውስጥ ግድግዳዋን እንዳይነካ በጨርቅ ጠቀለልነው፤ ግድግዳው ላይ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ቴስተሩን እዚያው ተውኩላት። ሱቄ ውስጥ ሌላ አሮጌ አለኝ።

ሲመሽ ልሄድ ስነሳ አባቷ ትንሽ ሸኙኝ። በዱላቸው እየተደገፉ እስከ አጥሩ ድረስ መጡ። እዚያ ቆሙ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ልጅቷን አትቀየማት። አንተ ስላላለቀስክ እህቷን ያልወደድካት መሰላት።»

«አልተቀየምኩም አባባ» አልኩ። «አላህ ይመስክር፣ ማልቀስ ጠፍቶብኝ ነው።»

«አውቃለሁ። እናታቸው ስትሞት እኔ ከቀብር መጥቼ በሬ ጠመድኩ። ሰው አበደ አለ። የዘራሁትን ሳጭድ ነው ያለቀስኩት፣ እሱም ብቻዬን።» ዱላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «የእኔን ነው የነገርኩህ። የአንተ ሌላ ሊሆን ይችላል።»

መሄድ ነበረብኝ፤ የመጨረሻው ባጃጅ ሊያመልጠኝ ነበር። እጃቸውን ስሜ ወረድኩ። የተናገሩትን መንገድ ላይ ለራሴ ደገምኩት። ገባኝ፤ ግን የሌላ ሰው ጉዳይ እንደ ሰማሁ ያህል ነው የገባኝ።

ክረምቱ እንዲያው አለፈ ማለት ይቻላል። ጠዋት ሱቅ እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ። የሚስቴን የስፌት መኪና በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። አንዳንድ ሰው ያሰፋውን ልብስ ሊወስድ ይመጣል፤ ከክምሩ ውስጥ ፈልጌ እሰጠዋለሁ። አንዲት ሴት ያልተሰፋ ጨርቋን ተቀብላ ስትወጣ እንባዋ መጣ። እኔ በሩን ያዝኩላት።

ነሐሴ ላይ ደመናው ተዘረጋና ቀናት አልፈው ፀሐይ አልታየችም። አንድ ረፋድ ስልኬ ጮኸ። እህቷ ነበረች። ያለ ሰላምታ ጀመረች።

«የባትሪው ቁጥር ወርዷል። አንደኛው ለብቻው ዐሥራ ሁለት ይላል። ሌላኛው አራት ይላል።»

ማቀዝቀዣዋስ አልኳት። ትሠራለች አለች፤ ቴርሞሜትሩ አምስት ነው። ግን አራት ያለው ባትሪ ጎኑ አብጧል፣ ይሸታል። አባቷ የት እንዳሉ ጠየቅኋት። ደጅ ናቸው አለች። ጋዙ እንዲወጣ በር መስኮቱን እንድትከፍት ነገርኳት። እሳት እንዳታቀርብ ነገርኳት።

ከመርሳ ተነስቼ እስክደርስ ግማሽ ቀን ይሄዳል፤ ዝናብ ስለሆነ ደግሞ ባጃጁ ወንዙን አይሻገርም። የሞተው ባትሪ እዚያው ታስሮ ከቆየ ደህናውንም ይዞት ይሞታል። ስለዚህ ሥራውን እሷ መሥራት ነበረባት።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቧ እንድታስቀምጥ አደረግሁ። መጀመሪያ ከፓኔሉ የሚመጣውን ሽቦ ፍቺ አልኳት። ፈታሁ አለች። የፓምፑን። ፈታሁ። ከዚያ ፊውዙን ንቀይ። አሁን የማቀዝቀዣዋ ድምፅ ቆመ። የሷ ትንፋሽ ብቻ ይሰማኛል። ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውን አጭር ሽቦ አውጪ፤ ቁልፉ ሁለቱን ብረት አንድ ላይ እንዳይነካ ተጠንቀቂ። ቆየች። ብሎኑ ዝጓል አለች። በጨርቅ ያዢው፣ ቀስ ብለሽ አልኳት። ሱቄ ደጃፍ ላይ ደንበኛ ቆሞ ነበር፤ በእጄ ቆይ አልኩት።

ሽቦው ወጣልኝ አለች። ያበጠውን ወደ ውጭ እንድታወጣ ነገርኳት፤ ከባድ ነው፣ ስትጎትተው መሬቱን ሲፍቀው ይሰማል። ከዚያ ደህናውን ባትሪ ለብቻው ከኮንቨርተሩ ጋር እንድታስር፣ ቀዩንና ጥቁሩን ሁለቴ እንድትለይ፣ በቴስተሩ እንድትለካ ነገርኳት።

«ዐሥራ ሁለት ነጥብ አንድ» አለች።

«አሁን ፊውዙን መልሺ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።  ያን ጊዜ ኮንቨርተሩን ስለ መረጥኩበት ቀን አላሰብኩም፤ ስለ ምንም አላሰብኩም። ከስልኩ ውስጥ ትንሿ ሞተር ስትነሳ ሰማኋት። ከዚያ የፓኔሉን ሽቦ መለሰች። በፓኔሉና በባትሪው መሃል ሆና አሞላሉን የምትቆጣጠረው ሳጥን የሁለት ወይ የአንድ ባትሪ መሆኑን ራሷ ለይታ ታውቃለች፤ መብራቷ አረንጓዴ ሆነ። ፓምፑ ሌላ ባትሪ እስኪመጣ ይቆማል፤ ዝናብ ስለሆነ ሽንኩርቱ አይጎዳም።

እህቷ ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ ድምፁ ቀረበ።

«ወንድሜ» አለችኝ። «እጄ ሁሉ ጥቁር ሆነ።»

በሳሙና በደንብ ታጠቢ፣ የባትሪ ውሃ ቆዳ ይበላል አልኳት። እሺ አለች። ግን አልዘጋችም። ቆየት ብላ ሆስፒታል ያለችኝን አነሳች፤ ያን ቀን ያለችው ከልቧ እንዳልነበረ ልትነግረኝ ጀመረች። ከልብሽ ነበር፣ ግን ምንም አይደለም አልኳት። እሷም አዎ፣ ከልቤ ነበር አለች። በስልክ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። እንዳትዘጊ አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። እስክትጨርስ ድረስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆየሁ። ደንበኛው ሰልችቶት ሄደ።

መንገዱ ሲደርቅ ሁለት አዲስ ባትሪ ገዝቼ ወጣሁ። የድሮው ባትሪ ከአዲሱ ጋር ስለማይስማማ ሁለቱንም ቀየርኩ፤ አሮጌውን ለመብራት ተጠቀሙበት። ኮንቨርተሩን አልነካሁትም። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ መሄድ ጀመርኩ። መድኃኒቱን ከመርሳ እኔ አደርሳለሁ። እህቷ ባሏና ልጆቿ ወዳሉበት ውርጌሳ ተመልሳለች፤ የማቀዝቀዣዋን ነገር ለጎረቤት ሴት አስተምራ ነው የሄደችው። እኔ ካስተማርኳት በተሻለ አስተምራታለች።

በታኅሣሥ ወር አንድ ዓርብ ከሰላት በኋላ ደረስኩ። አባቷ ደጅ ተቀምጠዋል። የዚያ ሳምንት የስኳር መጠናቸው ጥሩ ነበር፤ ጤና ጣቢያ ሄደው ተለክተው ነግረውኛል። ቀኑ በታኅሣሥም ሞቃት ነበር፤ ዳገቱን ስወጣ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል። ጠርሙሶቹን ላስቀምጥ ገብቼ ማቀዝቀዣዋን ስከፍት ከመድኃኒቱ ጎን፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለሉ ብርቱካኖች አገኘሁ።

ይህ ምንድን ነው አባባ፣ ብዬ ከውስጥ ጠየቅሁ። ለአንተ ነው አሉ። ከጓሮው ዛፍ ነው፣ ለእኔ ተከልክሏል፣ ሙቀት ላይ እንደምትመጣ ስለማውቅ ትናንት ከተትኩልህ።

ለመድኃኒት የተሠራ ነው፣ ሌላ ነገር አይገባበትም ልላቸው ነበር። አላልኩም። አንዱን ይዤ ወጥቼ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጣጩ እጄን አቀዘቀዘው። ላጥኩትና ነክሼ አፌ ውስጥ ሳደርገው ቅዝቃዜው ጥርሴን ሰርስሮ እስከ ጆሮዬ ድረስ ዘለቀ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጭማቂው በአገጬ ወረደ። ሲጣፍጠኝ ተሰማኝ፤ በጣም ይጣፍጥ ነበር፤ ትንሽም ይኮመጥጣል።

«አመመህ?» አሉኝ አባቷ። ፊቴን አይተው ነው።

«ጥርሴን» አልኩ።

«ቀስ ብለህ ብላ።»

ቀስ ብዬ በላሁ። እያንዳንዱ ጉርሻ ጥርሴን አመመኝ፤ አላቆምኩም። እሳቸው ወደ ሽንኩርቱ እያዩ ፓምፑ የዛሬ ዓመት ከነበረው ይልቅ ደህና እንደሚስብ ያወሩኛል። ስጨርስ እጄን ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

«ሌላ አለ?» አልኳቸው።

«ግባና አምጣ» አሉኝ።